የኒጀር ዩራኒየም፤ ዓለቱን የሚሰፍረው ማን ነው?

የኒጀር መንግሥት ጁን 19 ቀን 2025 አርሊት በተባለችው የበረሃ ከተማ አጠገብ የሚገኘውንና «ሶማኢር» በሚል ስም የሚታወቀውን የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ማወጁ ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚያ ቀን ድረስ 63.4 በመቶው የፈረንሣዩ ኦራኖ ኩባንያ፣ 36.6 በመቶው ደግሞ የኒጀር መንግሥት ድርሻ ነበር። ኦራኖ በበኩሉ አብዛኛው የባለቤትነት ድርሻ በፈረንሣይ መንግሥት እጅ የሚገኝ ኩባንያ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በአንድ ነጋዴና በአንድ መንግሥት መካከል የተነሣ ተራ የውል ክርክር እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፉትን ስንመለከት ትኩረታቸው በአንድ ጥያቄ ላይ ያረፈ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እርሱም «ፈረንሣይ ስትወጣ ማን ይገባል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ራሱ የጠያቂውን አመለካከት ያጋልጣል። የአፍሪካ መሬት ያለ ውጭ ጌታ ሊውል ሊያድር አይችልም ብሎ የሚነሣ አእምሮ ካልሆነ በስተቀር ከዚህ የሚጀምር የለም። ከዚህ ይልቅ ጠለቅ ያለው ጥያቄ ይህ ነው፤ በኒጀር ምድር ውስጥ ምን ያህል ዩራኒየም እንዳለ፣ የትኛው ክፍል «ክምችት» ተብሎ እንደሚመዘገብና የትኛው እንደማይመዘገብ ላለፉት ስድሳ ዓመታት የወሰነው ማን ነው? የውሳኔውስ መሥፈርት ምን ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በመጠኑ መመርመር ይሆናል።

ፖለቲካውን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ወደ ዓለቱ መውረድ ያስፈልጋል።

በሰሜን ኒጀር ከሰሃራ መካከል ኤይር የተባለ ተራራማ አገር አለ። ተራራው እጅግ ጥንታዊ በሆነ ግራናይትና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ነው። ከኤይር በስተምዕራብ ቲም መርሶይ የሚባለው ሰፊ ሸለቆማ ሜዳ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ዝቅጤ ዓለት፣ ማለትም ውኃ ተሸክሞት መጥቶ ያነጠፈው አሸዋና ጭቃ በዘመናት ብዛት ተጨምቆ ድንጋይ የሆነበት ስፍራ ነው። ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ዛሬ ጠብታ ውኃ በሚናፈቅበት በዚህ ሜዳ ላይ ታላላቅ ወንዞች ይፈሱ ነበር። ወንዞቹ አሸዋውን ሲያነጥፉ ከዳር ዳር የበቀለውን ዕፅዋት ጭምር ቀበሩት።

ዩራኒየም በተፈጥሮው ኦክሲጂን ባለበት ውኃ የሚሟሟ ነገር ነው። ከኤይር ግራናይትና ነፋስ ካመጣው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ከውኃው ጋር በአሸዋው ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጓዘ። የተቀበረው ዕፅዋት ካለበት ስፍራ ሲደርስ ግን የበሰበሰው ቅጠልና ግንድ ኦክሲጂኑን ይነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ ወተት እርሾ ሲነካው እንደሚረጋ ሁሉ ዩራኒየሙም ከውኃው ተለይቶ በአሸዋው መካከል ይረጋል። በአኩታ ሥር ያለው የጌዙማን ንጣፍ፣ በአርሊት ሥር ያለው የታራት ንጣፍ በዚህ ዓይነት የተገኙ ናቸው። ከእነዚህ በዕድሜ የሚያንሰው በኢሙራረን የሚገኘው የቺረዝሪን ንጣፍም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። አርሊትን ይዞ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ታላቅ የምድር ስንጥቅ ደግሞ ውኃው የት እንደሚያልፍና የት እንደሚቆም ለመወሰን ከፍ ያለ ድርሻ ነበረው።

እንግዲህ አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ የአንድን ዝቅጤ ዓለት የዩራኒየም ተስፋ ሲገመግም የሚፈልገው ይህንኑ ሰንሰለት ነው፤ የዩራኒየሙን ምንጭ፣ ውኃው ያለፈበትን መንገድ፣ ያረጋውን ወጥመድ፣ ከረጋም በኋላ ሌላ ውኃ መጥቶ ጠርጎ እንዳልወሰደው የሚያሳየውን ማስረጃ። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ከጎደለ መሬቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ባዶ ነው።

ከዚህ በኋላ የመለኪያ መሣሪያው ተራ ይመጣል። በመጀመሪያ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እየበረረ ከመሬት የሚወጣውን ጨረራ ይለካል። ይህ ሥራ ሰፊ አገር በአጭር ጊዜ ለማዳረስ ያገለግላል እንጂ ጉድለቱ ከባድ ነው፤ ጨረራው ግማሽ ሜትር እንኳ የማይሞላ አፈር የሚያግደው በመሆኑ ከሥር ያለውን ማዕድን አውሮፕላኑ አያየውም። ስለዚህ ቁፋሮ የግድ ነው። በተቆፈረው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ ወርዶ ጨረራውን በየንጣፉ ይመዘግባል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መሣሪያው የሚይዘው ጨረራ በአብዛኛው የሚመነጨው ከራሱ ከዩራኒየም ሳይሆን ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ከሚወልዳቸው ንጥረ ነገሮች ነው። በሌላ አነጋገር መሣሪያው ልጁን አይቶ ወላጁን ይገምታል። ውኃ ወላጁን አጥቦ ወስዶ ልጁን ብቻ ትቶ ከሆነ መሣሪያው ባዶውን ሀብታም ይለዋል፤ ወላጁ በቅርቡ ከደረሰና ገና ካልወለደ ደግሞ ሀብታሙን ድሀ ይለዋል። ይህን ስሕተት የሚያርመው ከጉድጓዱ የወጣውን የዓለት ናሙና በቤተ ሙከራ መመርመር ብቻ ነው። ናሙናው በማን መጋዘን እንደተቀመጠ፣ መዝገቡ በማን ቋንቋና በማን ካዝና እንዳለ መጠየቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ገና «ክምችት» የሚባል ነገር የለም። ያለው ዓለት ነው። ዓለት ክምችት የሚሆነው ዋጋ ሲገባበት ነው። ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲና የበለጸጉት አገሮች የኑክሊየር ኃይል ድርጅት በጋራ የሚያዘጋጁት የዓለም የዩራኒየም ሀብት መዝገብ፣ በሽፋኑ ቀለም «ቀዩ መጽሐፍ» የሚባለው፣ የአገሮችን ሀብት የሚመድበው አንድ ኪሎ ዩራኒየም ለማውጣት በሚጠይቀው ወጪ ነው፤ እስከ 40 ዶላር፣ እስከ 80፣ እስከ 130፣ እስከ 260 እያለ። ስለዚህ አንድ ንጣፍ ዛሬ ሀብት ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ድንጋዩ ሳይነቃነቅ፣ ውኃውም ሳይነካው፣ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ላይ ዋጋ ስለወደቀ ብቻ ከሀብትነት ሊሰረዝ ይችላል።

ግምት የሚለው ቃል ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በድሮው ሥርዓት የአሥራት ገማች ገና ያልታጨደውን አዝመራ ከማሳው ዳር ቆሞ በዓይኑ ሰፍሮ ይሄድ ነበር። ገበሬው የሚከፍለው ጎተራው በያዘው ልክ ሳይሆን ገማቹ በተናገረው ልክ ነበር። በኒጀር የሆነው ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ገማቹ ራሱ ገዢም ነበር።

ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። ዩራኒየም በአካባቢው የተገኘው በ1957 አዘሊክ በተባለው ስፍራ ፈረንሣውያን መዳብ ሲፈልጉ ነው። ኒጀር በዚያን ጊዜ ቅኝ ግዛት ነበረች። ቀጥሎ የፈረንሣይ የአቶም ኃይል ኮሚሽን ፍለጋውን ይዞ ቀጠለ። በ1960 ነፃነት ታወጀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በአፕሪል 1961፣ ፈረንሣይ ከኒጀር፣ ከአይቮሪ ኮስትና በዚያን ጊዜ ዳሆሜ ትባል ከነበረችው ከቤኒን ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረመች። ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው ሰነድ ስለ ወታደርና ስለ ጦር ሠፈር ብቻ የሚናገር አልነበረም። ነዳጅ ዘይት፣ ዩራኒየም፣ ቶሪየም፣ ሊቲየምና ቤሪሊየም የጦር ስልት ጥሬ ሀብቶች ተብለው በስም ተዘረዘሩ፤ ለፈረንሣይም በእነዚህ ላይ የቅድሚያ መብት ተሰጠ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የአርሊት ክምችት ገና በቁፋሮ አልተረጋገጠም፤ ሶማኢር ገና አልተቋቋመም። ገዢው ግን ተመዝግቦ ተቀምጧል። ሶማኢር በ1968 ተቋቁሞ በ1971 ማምረት ሲጀምር የተደረገው ቀድሞ የተወሰነውን በሥራ ላይ ማዋል ነበር።

በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ በዓለም ላይ በድንገት ሲያሻቅብ የኒጀር ፕሬዚዳንት ሐማኒ ዲዮሪ «የእኛም ዩራኒየም እንደ ነዳጁ ኃይል ነው፤ ዋጋው በዚያው መንፈስ ይታይልን» የሚል ጥያቄ አቀረቡ። ድርድሩም ተጀመረ። በአፕሪል 15 ቀን 1974፣ ቀጣዩ የድርድር ስብሰባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዲዮሪ በሌተና ኮሎኔል ሴይኒ ኩንቼ በተመራው የጦር ኃይሎች እርምጃ ከሥልጣን ተወገዱ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በከባድ ድርቅ የተመታች መሆኗና የዲዮሪ አስተዳደርም በእህል ርዳታ ምዝበራ መታማቱ ለለውጡ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የፈረንሣይን እጅ በቀጥታ የሚያሳይ ሰነድ አለ ብሎ መናገር ከሐቁ ማለፍ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት አገር የራሷን ዓለት ዋጋ በራሷ አንደበት መናገር የጀመረችበትና ተናጋሪው የተወገደበት ወቅት አንድ መሆኑን የኒጀር ሕዝብ አልዘነጋውም።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ኒጀር ከዩራኒየም ጥቂት ጥቅም አላገኘችም ማለት አይቻልም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዋጋው ከፍ ብሎ በነበረበት ጊዜ ከጣሁዋ ወደ አጋዴዝና አርሊት የሚወስደው «የዩራኒየም መንገድ» ተሠርቷል። በ1978 ማምረት የጀመረው ሁለተኛው ማዕድን ማውጫ፣ በአኩታ የሚገኘው ኮሚናክ፣ በዓለም ከታወቁት የምድር ውስጥ የዩራኒየም ማውጫዎች በትልቅነቱ ግንባር ቀደም ነበር፤ በዚህም ኒጀር 31 በመቶ ድርሻ ነበራት፤ የቀረው ለፈረንሣይ፣ ለጃፓንና ለስፔን ኩባንያዎች የተከፋፈለ ነበር። ነገር ግን የድርሻ ወረቀትና የመገመት ሥልጣን አንድ አይደሉም። ባለ 31 በመቶው መንግሥት በቦርድ ስብሰባ ላይ የሚቀርብለትን ቁጥር ይሰማል፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ቤተ ሙከራ ግን በእጁ አይደለም።

የኢሙራረን ጉዳይ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ከአርሊት በስተደቡብ የሚገኘው ይህ ንጣፍ ወደ 200,000 ቶን የሚጠጋ ዩራኒየም እንደያዘ ይነገራል። መጠኑ ታላቅ ሲሆን ይዘቱ ግን ስስ ነው፤ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በአኩታ በአንድ ቶን ውስጥ አራት ኪሎ ገደማ ይገኝ ነበር። በ2007 አጋማሽ የዩራኒየም ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ130 ዶላር በላይ ሲደርስ ያ ስስ ዓለት በአንድ ጊዜ ወርቅ ሆኖ ታየ። በዚያን ጊዜ አሬቫ ይባል የነበረው የፈረንሣይ ኩባንያ በጃንዋሪ 2009 የማዕድን ፈቃዱን ወሰደ፤ በዓመት 5,000 ቶን ይመረታል፣ ኒጀር ከዓለም ታላላቅ አምራቾች አንዷ ትሆናለች ተባለ። በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ አደጋ ደረሰ፤ ዋጋው ወረደ፤ በ2016 መጨረሻ አንድ ፓውንድ 18 ዶላር ገደማ ሆነ። የኢሙራረን ሥራም ቆመ። በ2024 መጀመሪያ ዋጋው እንደገና ከ100 ዶላር በላይ ወጣ፤ ኩባንያውም ኢሙራረንን እንደገና አስታወሰ። የኒጀር መንግሥት በጁን 2024 ፈቃዱን ሰረዘ። በእነዚህ አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በኢሙራረን ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አልተለወጠችም። የተለወጠው የሩቅ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ላይ ተመሥርቶ ሠራተኛ ተቀጠረ፣ ተሰናበተ፤ የአገር በጀት ተስፋ ተደረገበት፣ ተስፋው ተነቀለ።

ሌላው ነገር በግምቱ ውስጥ የማይገባው ነው። የኩባንያ ግምት የዩራኒየሙን ኪሎ፣ የማውጫውን ወጪ፣ የሚሸጥበትን ዋጋ ይዘረዝራል። የታራት ንጣፍ ግን የዩራኒየም ቤት ብቻ አይደለም፤ የከርሰ ምድር ውኃ ቤትም ነው። በዛሬው ዝናብ በቀላሉ የማይተካ የጥንት ውኃ ነው። ግሪንፒስ በ2010 ባወጣው ዘገባ ሁለቱ ማውጫዎች በአርባ ዓመታት ውስጥ 270 ቢሊዮን ሊትር ውኃ እንደተጠቀሙ ገልጿል። የቱዋሬግ አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣበት ጉድጓድ በየትኛው የክምችት መዝገብ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ሰፈረ? ክሪራድ የተባለው የፈረንሣይ ነፃ የጨረራ መርማሪ ድርጅት ከ2003 ጀምሮ ባደረገው ምርመራ ጨረራ ያለበት ቁርጥራጭ ብረት በአርሊት ገበያ ሲሸጥ፣ ከማውጫው የወጣ ድንጋይም የአኮካን መንገድ ማንጠፊያ ሆኖ አግኝቷል። ብረቱን ገዝቶ ድስት የሚሠራው ሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚጫወተው የሠራተኛ ልጅ፣ በቁፋሮ መዝገቡ ውስጥ ዓምድ አልተሰጣቸውም።

ኮሚናክ ወደ 75,000 ቶን ዩራኒየም ከሰጠ በኋላ በማርች 31 ቀን 2021 ተዘጋ። ወደ 600 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። በሥፍራው የቀረው ከማጣሪያው የወጣ ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ጨረራ አመንጪ ደለል ነው። ይህም የኒጀር ሀብት ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል፤ ይህን ግን ማንም በቅድሚያ መብት አልጠየቀም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ለማዕድን ማውጫዎቹ መብራት የሚሰጠው የዩራኒየም ኃይል አይደለም፤ በዚያው አካባቢ አኑ አራረን ከተባለው ስፍራ የሚወጣ ድንጋይ ከሰል ነው። ፈረንሣይ ከኤሌክትሪኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከኑክሊየር ጣቢያዎች ታገኛለች፤ በ2022 የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ከገዙት የተፈጥሮ ዩራኒየም አንድ አራተኛው የኒጀር ነበር። በዚያው ጊዜ በኒጀር ከአምስት ሰዎች ኤሌክትሪክ ያለው አንዱ ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንመለስ። ኦራኖ የሶማኢርን ሥራ የመምራት ቁጥጥር ማጣቱን በዲሴምበር 2024 አስታወቀ፤ ከስድስት ወር በኋላ የመንግሥት አዋጅ ተከተለ። ኩባንያው ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በሴፕቴምበር 2025 ፍርድ ቤቱ በሶማኢር የተከማቸው ዩራኒየም እንዳይሸጥ የሚያዝ ጊዜያዊ ውሳኔ መስጠቱን ኩባንያው ገለጸ። በኖቬምበር 2025 መጨረሻ የኒጀር መሪዎች ዩራኒየሙን ለፈለጉት ገዢ መሸጥ ሕጋዊ መብታቸው እንደሆነ አስታወቁ። መብቱ የኒጀር ስለመሆኑ ጥርጥር ሊኖር አይገባም። ከ1971 ጀምሮ የተቆፈረው ዓለት የማን እንደነበር ጠይቆ የሚያውቅ ፍርድ ቤት አልነበረምና።

ይሁን እንጂ የባለቤትነት አዋጅ የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ፈረንሣይን በሌላ መተካት ችግሩን እንደማይፈታ ኒጀር ከራሷ ተሞክሮ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ዩራኒየም የተገኘበት አዘሊክ በቻይና መንግሥት ኩባንያ መሪነት ሲሠራበት ቆይቶ በ2015 ቆመ፤ ያው የገበያ ምክንያት፣ ያው የሠራተኛ ስንብት ነበር። የሩሲያው ሮሳቶም በጁላይ 2025 ከኒጀር ጋር የትብብር መግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል። ሰነዱ የአቶም ኃይልን ለሰላም ስለማዋል ይናገራል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት የሚገነባው ጣቢያ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ የቁፋሮው ናሙና፣ የጨረራው ንባብ፣ የውኃው ልኬት በማን እጅ ይሆናል? ኒያሜ ውስጥ የማዕድን፣ የኢንዱስትሪና የጂኦሎጂ ትምህርት ቤት አለ፤ ከዚያ የሚወጡት ወጣቶች የሚቀጠሩት ናሙና ለመሸከም ነው ወይስ ናሙና ለመመርመር? የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሶማኢርን ከመውረስ ይበልጥ ከባዱ የሶማኢርን መዛግብት አንብቦ መረዳት ነው የሚል ነው።

ፈተናው በቅርቡ የሚታየው በኢሙራረን ነው። ፈቃዱ ከመሰረዙ በፊት፣ በ2023 በተደረገው ስምምነት፣ ኦራኖ ንጣፉን ሳይቆፍር ከመሬት በታች በፈሳሽ አሟምቶ ለማውጣት ጥናት ሊያደርግ አስቦ ነበር። ይህ ዘዴ በካዛክስታን በሰፊው የሚሠራበትና ዛሬ ከዓለም ዩራኒየም ከግማሽ በላይ የሚመረትበት ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ስሱን ዓለት አዋጪ ያደርገዋል፤ የደለል ክምርም በመሬት ላይ አይተውም። ፈሳሹ የሚገባው ግን ውኃ በሚያልፍበት የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። ስለዚህ በኢሙራረን የሚደረገው አዲስ ግምት ስለ ዩራኒየሙ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከንጣፉ በላይና በታች ያለው ጭቃማ ዓለት ፈሳሹን ሊይዝ መቻሉን፣ ውኃው በዓመት ስንት ሜትር ወደየት እንደሚጓዝ፣ በአቅራቢያው ያሉት የአርብቶ አደር ጉድጓዶች ከየትኛው ንጣፍ እንደሚጠጡ ማወቅ ይኖርበታል። እነዚህን ጉድጓዶች ቆጥሮ በካርታው ላይ የሚያሰፍረው ሰው ፈቃዱን ከሚጠይቀው ኩባንያ ደመወዝ የሚቀበል ከሆነ፣ የአዋጁ ቀን ከጁን 19 ቀን 2025 ወዲህ ሆነ ወዲያ ለባለ ግመሉ ልዩነት አይኖረውም።